አንድ ጉድጓድ፣ ስድስት ችግኝ

መጋቢት 2010 ላይ አንድ ኢሜይል ደረሰኝ። የላኩት ሴትዮ ጀርመናዊት ናቸው። ከዓመት በፊት የጥምቀት ሰሞን ባሕር ዳር መጥተው ያስጎበኘኋቸው እኔ ነበርኩ። ሰላምታቸው ረጅም ነው። ስለ ጣና፣ ስለ ቡናው፣ ጀልባው ላይ ስለበሉት ሙዝ ሳይቀር አንስተዋል። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ለባለቤቴ መታሰቢያ የተከልኳት ዛፍ እንዴት ሆነች? ፎቶዋን ብትልክልኝ ደስ ይለኛል።»

ስልኬን መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ማታ አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት።

ዛፏ ሞታለች። መሞቷ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበር። እሷ በነበረችበት ጉድጓድ ከእሷ በፊት ሁለት ችግኞች ተተክለው ሞተዋል። ከእሷ በኋላ ደግሞ ሦስት። ስድስቱንም ጊዜ ጉድጓዱን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ይህንን ለማውራት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

## ሃያ ዶላር

ሐሳቡ የራሴ ነበር። የምሠራበት አስጎብኚ ድርጅት አላስገደደኝም፤ እንዲያውም ሲሰሙት «አንተ ልጅ፣ ጭንቅላት አለህ» ነው ያሉኝ። በ2007 መጨረሻ ላይ ዩኔስኮ ጣናን በባዮስፌር ሪዘርቭነት፣ ማለትም ተፈጥሮው ከነነዋሪው እንዲጠበቅ በታሰበ ክልልነት፣ መዝግቦታል። ከዚያ ወዲህ ከተማው ውስጥ «ኢኮ»፣ ተፈጥሮን አይጎዳም ለማለት፣ ያልተለጠፈበት ነገር ጠፋ። ኢኮ ሎጅ፣ ኢኮ ጀልባ፣ ኢኮ ምሳ። ኢኮ ምሳው ያው የምናውቀው ዓሣ ጉላሽ ነው።

እኔም የራሴን ኢኮ ይዤ መጣሁ። የመጀመሪያው ቀን በጀልባ ዘጌ፣ ጣና ውስጥ የገባው ባለ ገዳማት ልሳነ ምድር። በማግስቱ በመኪና ወደ ደቡብ ጎንደር፣ አንድ የገጠር ደብር። እዚያ አጸዱን እንዞራለን፤ ከዚያ እንግዳው ችግኝ ይተክላል፤ ስሙ ቆርቆሮ ላይ ተጽፎ ይቆምለታል። ሃያ ዶላር።

ደቡብ ጎንደርን ከአውሮፕላን መስኮት ያየ ሰው ይህ ለምን እንደሚሸጥ ይገባዋል። ከክረምት ውጪ መሬቱ ቡናማ ነው፤ እርሻ በእርሻ። ቡናማው ላይ እዚህም እዚያም አረንጓዴ ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሏል። እያንዳንዱ ነጠብጣብ መሐል ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። በዞኑ ከአንድ ሺህ በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹ ስፋታቸው ጥቂት ሄክታር ቢሆን ነው። ዙሪያው ሁሉ ሲመነጠር እነዚህ የተረፉት ታቦት ስላለባቸው ነው። በ1967 የመሬት አዋጁ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ሲወርስም አጸዱ ከነዛፉ ቀርቷል። ፈረንጅ ይህን ሲሰማ ልቡ ይነካል። እውነቱን ለመናገር፣ ስተርከው የእኔም ይነካ ነበር።

ችግሩ ወሩ ነው። ቱሪስት የሚመጣው ከመስከረም እስከ ጥር፣ ለመስቀል፣ ለገና፣ ለጥምቀት ነው። ችግኝ የሚተከለው ደግሞ ሐምሌ ላይ ነው። ሐምሌ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ቱሪስትም የለም። ስለዚህ በታኅሣሥ ፀሐይ፣ በተሰነጣጠቀ መሬት ላይ ጽድ እናስተክላለን። ችግኙን ከችግኝ ጣቢያ በአምስት ብር እገዛለሁ። አንድ ጀሪካን ውኃ መኪና ላይ እጭናለሁ፤ ለፎቶው። ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ የሚያጠጣው የለም።

የመጀመሪያው ሲደርቅ አዘንኩ። ሁለተኛው ሲደርቅ ገረመኝ። ከሦስተኛው በኋላ ዶማ መያዝ ሁሉ ተውኩ፤ አፈሩ ለስልሶ በእጅ ይከፈት ነበር። ቦታው ለፎቶ ግሩም ነው። ከበሩ ገባ ብሎ፣ ከኋላው ትልቅ ዋርካ አለው። እንግዶቹ ከመኪና ሳይወርዱ ቀድሜ እገባና የድሮውን ቆርቆሮ ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይባል የለ? እኔ ያቺን ላም በዶላር ስሸጥ ነበር።

## «ደግሞ ማንን ልትቀብር መጣህ?»

ኢሜይሉ በደረሰኝ በሦስተኛው ቀን ወደ ደብሩ ሄድኩ። ልናዘዝ እንዳይመስላችሁ። ፎቶ ላነሳ ነው። ከካህናቱ ቤት ጀርባ፣ በእሾህ የታጠረ፣ ወገብ የሚደርስ ጽድ እንዳለ አውቃለሁ። የሴትዮዋን ቆርቆሮ ሥሩ አቁሜ፣ ጠጋ ብዬ አንስቼ እልካለሁ። ጽድን ከጽድ ማን ይለየዋል?

ቆርቆሮውን እያቆምኩ ከኋላዬ መቋሚያ መሬት ሲነካ ሰማሁ። የደብሩ ገበዝ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ አባ ልበላቸው።

«ደግሞ ማንን ልትቀብር መጣህ?» አሉኝ።

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«ያቺን ጉድጓድ ስድስት ጊዜ ከፈትካት። ቆጥሬልሃለሁ። መቃብር እንኳ እስኪከፈት ሰባት ዓመት ይጠበቃል።»

ስለ ውኃ እጥረት፣ ስለ ምስጥ የሆነ ነገር ቀባጠርኩ። ዝም ብለው አስጨረሱኝ። ከዚያ «ና» ብለው ወደ ዋርካው ወሰዱኝ። ጥላው ሥር አራት አምስት ከብት ተኝቶ ያመሰኳል። አንድ ወይፈን ጎኑን ግንዱ ላይ ያሻል። አዲስ ነገር አልነበረም። ሁልጊዜ እዚያው ናቸው። ፎቶ ላነሳ ስል «እሽ!» እያልኩ የማባርራቸው እነሱኑ ነበር። ከፎቶው ነው የማስወጣቸው እንጂ ከአጸዱ አይደለም።

አባ ቀስ ብለው ተቀመጡና በመቋሚያቸው ጫፍ መሬቱን ነካ አደረጉ። አንዲት ወይራ ናት። ወይራ ለማለትም ያስቸግራል። ከመሬት አንድ ስንዝር አትነሳም። ቅጠሎቿ የጥፍር ታህል ደቃቃ ናቸው። ግንዷ ግን እንደ አውራ ጣት ወፍሮ፣ ተጠማዞ፣ ጠባሳ በጠባሳ ሆኗል።

«ዕድሜዋ ስንት ይመስልሃል?»

«አንድ ዓመት?»

«እዚህ ደብር ስመጣ ነበረች። ዘንድሮ ስምንት ዓመቴ ነው። በበቀለች ቁጥር ትበላለች፤ በተበላች ቁጥር ትበቅላለች።»

ከዚያ በኋላ ነው ቀና ብዬ ያየሁት። ስንት ጊዜ የተመላለስኩበት አጸድ ነው። ላዩ ሞልቷል፤ ጽድ፣ ወይራ፣ ሎል፣ ጥቁር እንጨት፣ ሁሉም ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፋቸው ሽማግሌዎች። ታቹ ባዶ ነው። አፈር፣ እበት፣ ኮቴ። መሐል ላይ ያለው ትውልድ የለም። ጉርምስና ላይ ያለ አንድ ዛፍ ብፈልግ አጣሁ። ልጆቹ ተሰደው አያቶች ብቻ የቀሩበት መንደር ይመስላል። ለእንግዶቼ «ጥንታዊ ደን» እያልኩ ሳሳይ የነበረው ይህንኑ ነው። ጥንታዊ መሆኑንማ ጥንታዊ ነው። ችግሩ ሌላ ነገር አለመኖሩ ነው።

«ዘጌ ትመላለሳለህ አይደል?» አሉኝ አባ።

«በሳምንት ሦስት አራት ቀን።»

«በሬ አይተህ ታውቃለህ?»

«የለም።»

«እንግዲያ!» አሉና መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱ።

የዘጌን ታሪክ የማያውቅ አስጎብኚ እንጀራ አይበላም። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ለሦስት ከፍለው ቢተክሏት አንዷ ቡና፣ አንዷ ጌሾ፣ አንዷ ሎሚ ሆነች ይላል ትውፊቱ። የዘጌ ሰው ሳያርስ እንዲኖር ቃል ኪዳን ተሰጣቸው። ስለዚህ ዘጌ ላይ ሞፈርና ቀንበር አይገባም፤ ከብት አይረባም። ይህን ታሪክ ምናልባት አምስት መቶ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ እዚያው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ እዚያው ቡና ሥር፣ በዚያው ቀልድ። ለእኔ ተአምሩ በትሩ ነበር። እንግዳው «ዋው» የሚለውም በትሩ ላይ ነው። በሬ አለመግባቱን እንደ ማሳረጊያ ቶሎ ብዬ ነበር የማልፈው። አባ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የያዙት ያንን ማሳረጊያ ነው።

ትውፊቱ የሚለው ያንን ነው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እኔ የቤተ ክህነት ሰው አይደለሁም። ግን በጀልባ ዘጌ ስደርስ የሚቀበለኝን ጨለማ፣ እርጥብ፣ ከእግር እስከ ራስ የተሞላ ጫካ አስታወስኩ። ከሱ ጋር የቆምኩበትን አየሁ። ሁለቱን በተከታታይ ቀን ለስንት ሰው አሳይቻለሁ። ጎን ለጎን አድርጌያቸው ግን አላውቅም።

ፎቶውን አነሳሁ? አነሳሁ። አልላክሁትም።

## ካብ

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት የዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን ጥናቶች ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ለዓመታት ያጠና የደን ተመራማሪ ነው። አንዱ ሥራው ቀላል ነገር ነው። አጸዱ ውስጥ የተወሰነ ቦታ ያጥራል፤ አጠገቡ ያለውን ክፍት ይተወዋል። ከዚያ ቡቃያ ይቆጥራል። የታጠረው ውስጥ ይበቅላል፣ ያድጋል። ክፍቱ ላይ ይረገጣል፣ ይበላል። ሌላው ያስደነገጠኝ ደግሞ አፈሩ ውስጥ የተቀመጠ ዘር ብዙም አለመኖሩ ነው። የአብዛኞቹ ትልልቅ ዛፎች ዘር መሬት ውስጥ ተቀብሮ ዓመታት አይቆይም። እናቲቱ ዛፍ ከወደቀች የምትተካበት ተቀማጭ የለም ማለት ነው።

ዓለማየሁ ማርጋሬት ሎውማን ከምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ጋር ሆኖ፣ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር በየደብሩ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ሲያስክብ ቆይቷል። ሲሚንቶ የለው፣ ብረት የለው። ድንጋዩ ከየማሳው ይለቀማል፤ ገበሬውም ለሞፈሩ መንገድ ስለሚጠረግለት አይከፋውም።

የእኛም ደብር ሰበካ ጉባኤ ለካ ካብ ሊሠራ ወስኖ ኖሯል። እኔ ቆርቆሮ ስተክል እነሱ ድንጋይ እያጠራቀሙ ነበር። ግንቦት ላይ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። «በበጎ ፈቃደኝነት ነው የመጣሁት» ስላቸው አንዱ ጎልማሳ ሳቀብኝ። «ደቦ አይደል እንዴ? ምን በጎ ፈቃድ ያስፈልገዋል?»

ካብ ጥበብ ነው። ሥሩ ሰፊ ይሆንና ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። ፊትና ጀርባው በትልልቅ ድንጋይ ይያዛል፤ መሐሉ በጠጠር ይሞላል። በየመሐሉ ከፊት እስከ ጀርባ የሚያልፍ ረጅም ድንጋይ ተጋድሞ ሁለቱን ያያይዛል። ይህን ያወቅሁት የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ማታ ላይ ድርምስ ብሎ ከፈረሰ በኋላ ነው። «ድንጋይ ፊት አለው፤ መጀመሪያ ፊቱን ፈልግለት» አለኝ ያው ጎልማሳ። እሱ እጁ ላይ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ በቃ፣ አይነቃነቅም። እኔ ስምንቴ አዙሬ አስቀምጬው ይወዛወዛል። መዳፌ በሁለተኛው ቀን ውኃ ቋጠረ።

ሥራው የሚደምቀው በበዓል ቀን ነው። የሚካኤል፣ የማርያም፣ የጊዮርጊስ ዕለት በሬ አይጠመድም። ለቤተ ክርስቲያን ድንጋይ መሸከም ግን አይከለከልም አሉኝ። ወንዱም ሴቱም፣ ልጁም ይመጣል። ንፍሮና ጠላ ይቀርባል። መንደሩ ሁሉ እየተቀላለደ ሲሸከም አንድ ጠዋት ብቻ ሃያ እርምጃ ይገፋል። ካቡ ወገብ ሲደርስ ለአባ «አሁን ላም አይዘለውም» አልኳቸው።

«ጎረምሳ በሬ በቀንዱ ይንደዋል» አሉኝ። «ካቡ የሚያግደው ባለ ላሙን ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።»

## የማርያም እና የእኔ

ያ ተረት ግን አንዲት ሴትዮ ጋ ሲደርስ ተያዘብኝ።

ቤታቸው ከአጸዱ ጋር ይዋሰናል። ባላቸው ሞተዋል፤ ያለቻቸው አንድ ላም ናት። ወለላ ይሏታል። እህሉ ተሰብስቦ ቃርሚያው ከተበላ በኋላ፣ ከጥር እስከ ግንቦት፣ በዚያ አገር አረንጓዴ ነገር ያለው አጸዱ ውስጥ ብቻ ነው። የወለላ ወተት ከዚያ ነው የሚመጣው። ካቡ በስተ ምሥራቅ ሲዞር የሚዘጋው የእሳቸውን መግቢያ ነው። እሳቸው ደግሞ በየቀኑ ድንጋይ ይሸከማሉ።

በዘጠነኛው ቀን አላስችል አለኝ። «እናቴ፣ ይኼ ካብ እርስዎን አይደል እንዴ የሚጎዳው? ለምን ይሸከማሉ?»

«የማርያም ነዋ» አሉኝ። ድንጋዩን አውርደው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ዛፉ የማርያም ነው። ላሜስ የማን ናት?»

መልስ የሚጠብቁ አልመሰለኝም። ሌላ ድንጋይ ሊያመጡ ሄዱ።

ያን ማታ ሒሳብ ሠራሁ። ከዚያች አንዲት ጉድጓድ ብቻ መቶ ሃያ ዶላር ወጥቷል። ለደብሩ በየጊዜው የምሰጠው መቶ ብር ነበር። የቀረውን ድርጅቱና እኔ ተካፍለናል። እኚህ ሴትዮ በሒሳቡ ውስጥ የትም የሉም። ደኑ እንዲጠበቅ የሚከፍሉት ግን እሳቸው ናቸው፤ በወተት። እንግዳው ከፍሏል፣ ፎቶውን ይዞ ሄዷል። እኔ ለሁለት ሳምንት መዳፌ ተልጧል፤ ስመለስ ሻይ ቤት ተቀምጬ የማወራው አግኝቻለሁ። የእሳቸው ግን በየዓመቱ፣ ከጥር እስከ ግንቦት ነው። አሁንም ስለ ኢኮቱሪዝም ሲወራ የማስበው ወለላን ነው። «የአካባቢው ማኅበረሰብ ተጠቃሚ ይሆናል» የሚል ወረቀት ባነበብኩ ቁጥር፣ የትኛዋ ላም ነች ውጪ የቀረችው እላለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው ዋርካው ሥር ተቀመጠ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። አንዱ፣ ውስጥ የሚበቅለው ሣር በጨረታ ይሸጥና ለጣራው ይዋል አለ። ሌላው፣ እንደሱ ከሆነ በሰሜን በኩል ያለውን ባሕር ዛፍ ቁረጡና ለጣራው አውሉት አለ። የደብሩ ባሕር ዛፍ ነው፤ ጽዱን እያጠወለገ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ብር ነው፤ ተድበስብሶ ታለፈ። ሲመሽ የተስማሙበት ይህ ነው፦ ከብት አይገባም። ሣሩ ጥቅምት ላይ በማጭድ ይታጨዳል። መጀመሪያ የሚያጭዱት አቅመ ደካሞችና ባል የሞተባቸው ናቸው። ሴትዮዋ ምንም አልተናገሩም። እኔም ተቀምጬ ከመስማት ውጪ ሥራ አልነበረኝም፤ ያ ደግሞ ጥሩ ነበር።

ባሕር ዳር እንደተመለስኩ ለጀርመናዊቷ ጻፍኩ። ሁሉንም። ጉድጓዱን፣ ቆርቆሮውን፣ ልልከው የነበረውን ፎቶ፣ ወለላን። አንድ ወር ዝም አሉ። ከዚያ ሁለት መስመር መጣ። «በጣም ተናድጃለሁ። ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ።» ሃያ ዶላሩን ልመልስ ላልኩት መልስ የለም። ከሌሎቹ አምስት ለሁለቱ ጻፍኩ። የሦስቱን አድራሻ አላገኘሁትም፤ አጥብቄ ፈልጌ ነበር ብል ግን እዋሻለሁ።

## ጥቅምት 2012

ሁለት ክረምት አለፈ። በሁለተኛው ክረምት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2011፣ አገሩ በሙሉ ሲተክል ዋለ። በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ተባለ። እኔም ካናቴራ ለብሼ አሥራ አምስት ተክያለሁ። ማን እየተንከባከባቸው እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ጥቅምት ላይ ወደ ደብሩ ሄድኩ። ካቡ ቆሟል፤ አንድ ቦታ ተንዶ ተጠግኗል። ከበሩ ገባ ብዬ ጉድጓዴን ፈለግሁ። እንዶድ ወርሶታል። አባ ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው ያወቁኝ። «ቆርቆሮ ይዘህ ነው?» አሉኝ። ወደ ወይራዋ የመሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በእጃቸው ዳብሰው አገኟት። አንድ ስንዝር የነበረችው ወይራ ወገቤ ደርሳለች። ቅጠሎቿ ሰፍተዋል።

ሴትዮዋ ወደ ምሥራቅ በኩል ያጭዳሉ። ሣሩ ጉልበት ያልፋል። መጀመሪያ ላይ ለምን እንደሚዘገዩ አልገባኝም ነበር። ማጭዱን ከማሳረፋቸው በፊት ግራ እጃቸውን ሣሩ ውስጥ ይሰዳሉ፤ ጣቶቻቸው ከሥር ከሥር ይዳስሳሉ። የሆነ ነገር ሲነካቸው ይቆማሉ። ሣሩን ለሁለት ከፈል ያደርጉና ዙሪያውን ያጭዳሉ። ባለፉበት መስመር ላይ ትንንሽ ቡቃያዎች ብቻቸውን ቆመው ይቀራሉ፤ ሎል፣ ብሳና፣ አጋም።

አጠገባቸው ተቀምጬ ነዶውን ማሰር ጀመርኩ። ጥቂት እንደሄዱ እጃቸው ቆመ። ሣሩን ገለጥ አደረጉት። ጽድ ናት፤ ጣት የምታህል፣ ጫፏ ገና ለጋ።

«ይቺስ የማን ናት?» አሉኝ። «ቆርቆሮ አታቆምላትም?»

ሳቁብኝ። ከዚያ ጽዷን ዞረዋት ማጨዳቸውን ቀጠሉ። ከካቡ ማዶ ወለላ ታገሳለች። ነዶውን አንስቼ በካቡ ላይ አሻገርኩላት።